የዘ ካርስ ምርጥ ዘፈኖች ስብስብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መኪናዬ ውስጥ የድሮ ሮክ የሚያጫውት ሬዲዮ ከፍቼ ነው የምውለው። «ድራይቭ» የተባለው ዘፈን በመጣ ቁጥር ከጎኔ የተቀመጠ ሐበሻ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። ዕድሜው ገፋ ያለ ከሆነ «ይሄ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ የነበረው ዘፈን አይደለም?» ይለኛል። ወጣት ከሆነ ደግሞ «ማነው ይሄ? ደስ ይላል» ይላል። ለሁለቱም መልሴ ያው ነው። ዘ ካርስ ይባላሉ፣ ስብስባቸው እዚሁ አለ፣ ከመጀመሪያው ልክፈትልህ እላለሁ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው አያልቅም። ደጋግመው የሚመጡትን እዚህ አንድ ላይ ጽፌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የኛን ስጠቅስ «በኛ» እያልኩ እለያለሁ።

ዘ ካርስ እነማን ናቸው?

በ1976 ቦስተን ውስጥ የተመሠረተ የአምስት ሰዎች ባንድ ነው። ሪክ ኦካሴክ ዘፈኖቹን ይጽፋል፣ ይዘፍናል፣ ጊታርም ይጫወታል። ቤንጃሚን ኦር ቤዝ ጊታር ይጫወታል፣ እሱም ይዘፍናል። ኤሊየት ኢስተን ሊድ ጊታር ነው፣ ግሬግ ሆክስ ኪቦርድ፣ ዴቪድ ሮቢንሰን ድራም። የባንዱን ስም ያወጣው ሮቢንሰን ነው።

ኦካሴክና ኦር የሚተዋወቁት ከዚያ በፊት ነው፣ ከኦሃዮ። አብረው ብዙ ነገር ሞክረዋል። ሚልክውድ በሚባል ለስላሳ የፎክ ቡድን ውስጥ ሆነው አንድ አልበም አወጡ፣ ሰሚ አላገኘም። ዘ ካርስ ሲቋቋም ኦካሴክ ሠላሳዎቹን ጀምሯል። በሮክ ዓለም ይህ ዕድሜ እንደ ዘገየ ነው የሚቆጠረው። እኔን ግን ከታሪካቸው ሁሉ የሚያስደስተኝ ይሄ ነው። ወድቀው ተነሥተው፣ ምን እንደሚፈልጉ አውቀው ነው የመጡት።

ገና ኮንትራት ሳይኖራቸው «ጀስት ዋት አይ ኒድድ» የተባለውን ዘፈናቸውን ለሙከራ ቀዱት። ደብሊው ቢ ሲ ኤን የተባለው የቦስተን ሬዲዮ ጣቢያ ያንን ቅጂ ደጋግሞ አጫወተው። ሰዉ ሱቅ ሄዶ ይጠይቃል፣ የሚሸጥ ሸክላ ግን የለም። ከዚያ ኤሌክትራ የተባለው ኩባንያ አስፈረማቸው። የመጀመሪያው አልበም በሰኔ 1978 ወጣ። የተቀዳው ለንደን ነው፣ ፕሮዲዩሰሩም የኩዊንን አልበሞች የሠራው ሮይ ቶማስ ቤከር ነበር።

ፓወር ፖፕ ማለት ምን ማለት ነው? እነሱስ ፓወር ፖፕ ናቸው?

ቃሉን ያመጣው የዘ ሁው ጊታሪስት ፒት ታውንዘንድ ነው ይባላል፣ በ1967 የራሱን ባንድ ሙዚቃ ሲገልጽ። ነገሩ ቀላል ነው። ጊታሩ የሮክ ጉልበት አለው። ዜማው ግን የሚያባብል፣ አንዴ ከሰሙት ከአፍ የማይጠፋ ነው። አዝማቹ ላይ ተቀባዮቹ ድምፅ በድምፅ ላይ ይደራርባሉ። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ አካባቢ ላይ ያልቃል። ባድፊንገር፣ ራስፕቤሪስ፣ ቢግ ስታር፣ ቺፕ ትሪክ የሚባሉት ባንዶች የዚህ ቤት ልጆች ናቸው።

ዘ ካርስን ብዙ ሰው ኒው ዌቭ ይላቸዋል፣ በሰባዎቹ መጨረሻ የመጣ ኪቦርድ የሚበዛበት የሮክ ዓይነት ነው። ምክንያቱ የግሬግ ሆክስ ሲንተሳይዘር ነው። የኦካሴክ ቀዝቃዛ አዘፋፈንም ይጨመርበታል። እኔ ሁለቱም ትክክል ነው እላለሁ። ልብሱ ኒው ዌቭ ነው፣ አጥንቱ ፓወር ፖፕ። «ማይ ቤስት ፍሬንድስ ገርል»ን ስሙት። ጊታሩ የአምሳዎቹ ሮክኤንሮል ነው፣ ጭብጨባ አለው፣ ተቀባዮቹ አዝማቹን ሲያነሡት ደስታ ነው። ግጥሙ ግን ፍቅረኛው ለጓደኛው ያለፈችበት ሰው ኀዘን ነው። ደስ የሚል ዜማ ላይ የሚያም ነገር መጫን፣ ለኔ ፓወር ፖፕ ይሄ ነው።

ስብስቡ መቼ ወጣ? ምን ምን አለበት?

በ1985 መጨረሻ ወራት ላይ ነው የወጣው። ስሙ በቀጥታ «ግሬተስት ሂትስ» ነው። ከዚያ በፊት አምስት አልበሞች ነበሯቸው፦ በባንዱ ስም የተጠራው የ1978ቱ፣ «ካንዲ ኦ» በ1979፣ «ፓኖራማ» በ1980፣ «ሼክ ኢት አፕ» በ1981፣ «ሃርትቢት ሲቲ» በ1984። ስብስቡ ከአምስቱም ወስዷል። አሜሪካ ውስጥ 6 ጊዜ ፕላቲነም ሆኗል፣ አንዱ ፕላቲነም አንድ ሚሊዮን ቅጂ ማለት ነው።

በ«ጀስት ዋት አይ ኒድድ» ይከፈታል፣ በ«ሼክ ኢት አፕ» ይዘጋል። በመሃል «ሲንስ ዩር ጎን»፣ «ዩ ማይት ቲንክ»፣ «ጉድ ታይምስ ሮል»፣ «ተች ኤንድ ጎ»፣ «ድራይቭ»፣ «ቱናይት ሺ ካምስ»፣ «ማይ ቤስት ፍሬንድስ ገርል»፣ «ሃርትቢት ሲቲ»፣ «ሌትስ ጎ» እና «ማጂክ» አሉ። ሲዲው ላይ «አይም ኖት ዘ ዋን» እንደገና ሚክስ ተደርጎ ገብቷል።

ዘፈኖቹ ለምን በዓመት አልተደረደሩም?

መጀመሪያ ስሰማው እኔም ግር ብሎኝ ነበር። ከ1978 ወደ 1981 ይዘላል፣ ከዚያ ወደ 1984፣ ተመልሶ ደግሞ ወደ 1978። አሁን ግን ልክ እንደሆነ አምናለሁ። በዓመት ቢደረደር ኖሮ ጊታሩ እየቀነሰ ኪቦርዱ እየበዛ ሲሄድ ብቻ ነበር የምንሰማው። እንዲህ ሲቀላቀል ግን የስድስት ዓመት ልዩነት ያላቸው ዘፈኖች የአንድ እጅ ሥራ መሆናቸው ይሰማል። «ዩ ማይት ቲንክ» እና «ጉድ ታይምስ ሮል» ጎን ለጎን ሲቀመጡ አይጣሉም።

ዘፋኙ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ የለም። ሁለት ናቸው። ድምፃቸው በመጀመሪያ ሲሰማ ይመሳሰላል፣ ጆሮ ሲለምድ ግን ይለያል።

ኦካሴክ ቃላቱን ይቆርጣቸዋል። ትንሽ እንደ መንተባተብ፣ ትንሽ እንደ መሸሽ አለበት። «ዩ ማይት ቲንክ»፣ «ማጂክ»፣ «ማይ ቤስት ፍሬንድስ ገርል»፣ «ሼክ ኢት አፕ» የሱ ናቸው። ኦር ደግሞ ድምፁ ሙሉና ለስላሳ ነው። ዜማውን ይይዘዋል እንጂ አይሸሸውም። ከስብስቡ ውስጥ «ጀስት ዋት አይ ኒድድ»፣ «ሌትስ ጎ» እና «ድራይቭ» የሱ ናቸው።

ዘፈኖቹን የጻፈው ኦካሴክ ነው። ጽፎ ሲያበቃ ይሄ ለኔ አይሆንም፣ ለቤን ይሁን ማለት መቻሉን ከልቤ አከብረዋለሁ። ስብስቡ የሚከፈትበትን ዘፈን ጨምሮ ከሁሉም በላይ የታወቁትን ሰጥቶታል። «ድራይቭ» በኦካሴክ ድምፅ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ያስለቅሰን ነበር? አይመስለኝም።

«ድራይቭ» የተጻፈው ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ ነው?

አይደለም። ይህንን ብዙ ሰው ስለሚሳሳተው ረጋ ብዬ ልናገረው።

«ሃርትቢት ሲቲ» የወጣው በመጋቢት 1984 ነው። የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያቀረበው ዘገባ፣ መሐመድ አሚን የቀረጸው፣ ዓለምን ያስደነገጠው፣ የታየው በጥቅምት 23 ቀን 1984 ነው። በኛ ጥቅምት 13 ቀን 1977 መሆኑ ነው። ዘፈኑ ቀድሟል። ግጥሙ ሕይወቷ እየተናደ ሳለ ሁሉ ነገር ደህና ነው ብላ ለምታስመስል ሴት የሚነገር ነው። ስትወድቂ ማን ያነሣሻል፣ ማን ቤትሽ ያደርስሻል እያለ ይጠይቃታል። ጥያቄ ብቻ ነው። መልስ የለውም።

አሜሪካ ውስጥ በ1984 እስከ 3ኛ ደረጃ ወጣ። ባንዱ ከዚያ በላይ የደረሰ ነጠላ ዜማ የለውም። የቪዲዮው ዳይሬክተር ተዋናዩ ቲሞቲ ኸተን ነው። በቪዲዮው ላይ ያለችው ሞዴል ፖሊና ፖሪዝኮቫ በኋላ የኦካሴክ ሚስት ሆነች። ለአሜሪካውያን ይሄ ዘፈን እስከ ዛሬ የፍቅር ዘፈን ነው፣ ተቃቅፈው የሚደንሱበት።

ለኛ የተቀየረው በአንድ ቀን ነው። ሐምሌ 13 ቀን 1985፣ በኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977። ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ በለንደን ዌምብሊ ስታዲየምና በፊላደልፊያ ኬኔዲ ስታዲየም በአንድ ቀን ተካሄደ። የካናዳው ሲቢሲ ቴሌቪዥን ረሃቡን የቀረጸበት ምስል ነበረው። ምስሉን «ድራይቭ» ከሥሩ እየተሰማ አቀናብረውት ነበር። ዴቪድ ቦዊ ይህን ሲያይ ከራሱ ሰዓት አንድ ዘፈን ቀንሶ ምስሉ እንዲታይ አደረገ። ዌምብሊ ላይ አራት ዘፈን ዘፍኖ ሲጨርስ ራሱ ነው ለሕዝቡ ያስተዋወቀው።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ የኛ ሰዎች ታዩ። ቆዳቸው ከአጥንታቸው ጋር የተጣበቀ ሕፃናት። ለመነሣት ሞክሮ የሚወድቅ ልጅ። የቤን ኦር ድምፅ ደግሞ ቀስ ብሎ ማን ቤት ያደርስሻል ይላል። ለአንዲት ሴት የተጻፈው ጥያቄ በድንገት ለአንድ አገር ሕዝብ ሆነ። ስታዲየሙ ጸጥ አለ። የሚለገሰው ገንዘብም ከዚያ በኋላ ጎረፈ።

ባንዱ ራሱ ያን ቀን ፊላደልፊያ ነበር። ምስሉ ዌምብሊ ላይ ከታየ ከሰዓታት በኋላ መድረክ ላይ ወጡ፣ «ድራይቭ»ንም በአካል ተጫወቱት። አንድ ዘፈን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ትርጉም ይዞ ተሰማ።

ከዚያ ወዲህ እንግሊዝ አገር በዚያ ዘመን ያደገ ሰው ይህን ዘፈን ሲሰማ የሚያየው ያንን ምስል ነው። በዚያ በጋ ዘፈኑ እንግሊዝ ውስጥ እንደገና ተሸጦ 4ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ስብስቡ የወጣው ከዚህ ሁሉ ጥቂት ወራት በኋላ ነው። ስለዚህ እንግሊዛዊውና አሜሪካዊው አንድ ሸክላ ገዝተው፣ ስድስተኛው ዘፈን ላይ ሲደርሱ የሚሰሙት አንድ ነገር አይደለም።

የዘፈኑ ገቢ ለኢትዮጵያ ተሰጥቷል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ኦካሴክ ከዚያ እንደገና ከተሸጠው ነጠላ ዜማ ያገኘውን ገቢ ለባንድ ኤይድ ሰጥቷል። ባንድ ኤይድ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር በ1984 ለኢትዮጵያ እርዳታ የጀመሩት ነው። ስጦታው የነጠላ ዜማው ነው። ከስብስቡ ጋር አታምታቱት።

የሕዝባችን ምስል እንደዚያ መታየቱ አያናድድህም?

ይህን የጠየቀችኝ አሜሪካ የተወለደች ወጣት ናት። ትምህርት ቤት ውስጥ አገርሽ ረሃብ ያለበት ነው ወይ እየተባለች ያደገች። ጥያቄዋ ልክ ነው። በቀላሉ ልመልስላት አልቻልኩም።

አዎ፣ ያማል። እነዚያ ሰዎች ስም ነበራቸው፣ ስማቸው ግን አልተነገረም። ስለ ቀያቸው፣ ስለ በሬያቸው፣ ስለ ዘፈናቸው የጠየቀ የለም። ረሃቡ ከሰማይ ብቻ እንዳልመጣ፣ ጦርነት እንደነበረ፣ ወሎና ትግራይ ላይ የመንግሥትም እጅ እንዳለበት አራት ደቂቃ ውስጥ አልተባለም። ምስሉ ግን አገሪቱ ላይ ተለጥፎ ቀረ። እኛም ውጭ አገር ስንኖር ምስሉን ተሸክመን ነው የኖርነው።

ግን ደግሞ ያ ምስል ባይታይ ኖሮ ስንት ሰው ያልቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። ከዚያ ምስል ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ አለች። ትሞታለች ተብሎ ተስፋ የተቆረጠባት ነበረች። አልሞተችም። ብርሃን ወልዱ ትባላለች። በ2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ በተካሄደው ላይቭ ኤይት ኮንሰርት ላይ አድጋ፣ ቆንጆ ሆና፣ ከማዶና ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ መድረክ ላይ ቆማለች። ያን ቀን ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። ለወጣቷም የነገርኳት ይሄንን ነው። ንዴቱም ልክ ነው፣ ምስጋናውም ልክ ነው፣ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

«ድራይቭ» ለምን እንደዚያ ያሳዝናል? ጊታር የሚሰማበትም አይመስልም።

ልክ ሰምታችኋል። ዘፈኑ የቆመው በኪቦርድ ላይ ነው። «ሃርትቢት ሲቲ»ን ያዘጋጀው ሮበርት ጆን ላንጅ ነው፣ «ማት» የሚሉት። ኤሲ ዲሲንና ዴፍ ሌፐርድን የሠራ ሰው ነው። ለንደን ውስጥ ወራት ፈጀባቸው። ተቀባዮቹን ደጋግሞ እያስቀዳ አንዱን በሌላው ላይ ይደርባል። ከኦር ድምፅ ጀርባ የሚሰማው ያ ጭጋግ የሚመስል ነገር የሰው ድምፅ ነው፣ በብዙ እጥፍ የተደራረበ። ድራሙም በአብዛኛው በማሽን የተሠራ ነው። ስለዚህ ፊት ለፊት አንድ ሰው ብቻውን ቆሟል፣ ከኋላው ደግሞ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፣ ወዲያው ይገባችኋል።

አዲስ ዘፈን አለበት?

አንድ አለ፣ «ቱናይት ሺ ካምስ»። ለዚህ ስብስብ ተብሎ የወጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ 7ኛ ደረጃ ደርሷል። ምርጥ ስብስብ ላይ የሚጨመር አዲስ ዘፈን ብዙ ጊዜ መሙያ ነው። ይሄ አይደለም። የኤሊየት ኢስተን የጊታር ሶሎ ብቻውን ዋጋ አለው። አጭር ነው፣ ግን ራሱን የቻለ ዜማ ነው፣ በአፍ ሊዜም ይችላል። ጊታር የምትማሩ ልጆች ካላችሁ ከዚህ ጀምሩ።

«ተች ኤንድ ጎ» ላይ የሆነ ነገር የተሳሳተ ይመስለኛል። ቅጂው ችግር አለበት?

የለበትም። እንዲያውም ይህን ያስተዋለ ሰው ጥሩ ጆሮ አለው። ግጥሙ በሚባልበት ክፍል ላይ ድራሙና ቤዙ በአምስት ይቆጥራሉ። ድምፁና ኪቦርዱ ግን በአራት። ስለዚህ ይተላለፋሉ፣ ቆይተው ይገናኛሉ፣ እንደገና ይተላለፋሉ። አዝማቹ ላይ ሁሉም አንድ ላይ ሲገቡ የሚሰማችሁ እፎይታ ከዚያ የመጣ ነው። በእጃችሁ ጠረጴዛ እየመታችሁ ለመቁጠር ሞክሩ።

ልጆች የትኛውን ይወዳሉ?

እኔ ቤት «ሌትስ ጎ» ነው። በጭብጨባው ምክንያት። ጭብጨባው ዘ ራውተርስ የተባለ ባንድ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካወጣው በዚያው ስም ከሚጠራ ዘፈን የመጣ ነው፣ የኳስ ሜዳ ደጋፊዎች የሚያጨበጭቡት ዓይነት። ሠርግ ላይ ጭብጨባ ጠፍቶበት የማያውቅ የኛ ሰው ሁለተኛው ዙር ላይ ይይዘዋል። «ዩ ማይት ቲንክ»ን ደግሞ ቪዲዮውን አሳዩአቸው። ኦካሴክ ዝንብ ሆኖ ይበራል። ኤም ቲቪ በ1984 ለመጀመሪያ ጊዜ ሽልማት ሲሰጥ የዓመቱ ቪዲዮ የተባለው እሱ ነው።

ስብስቡ ላይ የሌለ፣ መኖር የነበረበት የቱ ነው?

አድማጮች የሚከራከሩበት ይሄ ነው። መልሱ ሁልጊዜ ወደ መጀመሪያው አልበም ይወስዳል። «ሙቪንግ ኢን ስቴሪዮ» የለም፣ «ባይ ባይ ላቭ» የለም፣ «ዩር ኦል አይቭ ጋት ቱናይት» የለም። ሦስቱም ነጠላ ዜማ ሆነው ባይታወቁም አሜሪካ ውስጥ ሬዲዮ እስከ ዛሬ ያጫውታቸዋል። በ1984 እስከ 20ኛ ደረጃ የወጣው «ሄሎ አጌን» እንኳን ቀርቷል።

ለኔ ከሁሉ የሚቆጨኝ «ባይ ባይ ላቭ» ነው። ኦር ነው የሚዘፍነው። ስብስቡ ላይ የሱ ድምፅ አንሶኛል። «ሙቪንግ ኢን ስቴሪዮ»ም የሱ ነው። እነዚህን ሁለቱን ብቻ ቢጨምሩ ምንም አልልም ነበር።

ታዲያ ከስብስቡ ልጀምር ወይስ ከመጀመሪያው አልበም?

የባንዱ ሰዎች ራሳቸው የመጀመሪያው አልበማችን ስሙ «ምርጥ ዘፈኖች» መባል ነበረበት ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ዘጠኝ ዘፈን ነው፣ የሚዘለል የለውም። አሜሪካ ውስጥ በሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ 139 ሳምንት ቆይቷል።

ቢሆንም እኔ ከስብስቡ ጀምሩ ነው የምለው። በተለይ ለኛ ሰው። ብዙዎቻችን ዘ ካርስን የምናውቀው በአንድ ዘፈን ብቻ ነው፣ ያውም በሕይወታችን ከባድ ከሆነው ዘመን ጋር በተያያዘው። ስብስቡ ያንን ዘፈን ከወንድሞቹና ከእህቶቹ መሃል አስቀምጦ ያሳያል። ከፊቱ የሚያስደንስ አለ፣ ከኋላው የሚያስፈነድቅ አለ። እነዚህ ሰዎች የኀዘን ሙዚቀኞች አልነበሩም። ይህን ሳያውቁ «ድራይቭ»ን መስማት ግማሽ መስማት ነው።

ሌላ ስብስብ አላቸው ሲባል ሰምቻለሁ። የቱን ልግዛ?

አሉ። በ1995 ሁለት ሲዲ ያለው ትልቅ ስብስብ ወጣ፣ በ2002 ደግሞ ሃያ ዘፈን ያለበት። በ2016ም ሌላ አለ። የቀሩባችሁን ዘፈኖች በአንድ ሲዲ ከፈለጋችሁ የ2002ቱ ይበቃችኋል። የ1985ቱን የምመርጠው እኔ ነኝ፣ በድርደራው ምክንያት። ያገለገለ ሸክላ የሚሸጥባቸው ሱቆች ውስጥ በርካሽ ይገኛል፣ ብዙ ስለተሸጠ።

ከነሱ በኋላ የመጡት ላይ ተጽዕኖ አላቸው?

በጣም። ኒርቫና የመጨረሻ ኮንሰርቱን ሙኒክ ላይ በመጋቢት 1 ቀን 1994 ሲያቀርብ የከፈተው በ«ማይ ቤስት ፍሬንድስ ገርል» ነው። በዚያው ዓመት የወጣውን የዊዘርን የመጀመሪያ አልበም ፕሮዲዩስ ያደረገው ኦካሴክ ነው። ያ አልበም ለአንድ ትውልድ ፓወር ፖፕን እንደገና አስተማረው። በ2018 ዘ ካርስ ክሊቭላንድ ላይ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ሲገቡ በኦር ቦታ ቤዝ የተጫወተው የዊዘሩ ስኮት ሽራይነር ነበር።

አሁንም ይጫወታሉ?

አይጫወቱም። በ1988 ተበተኑ። ቤን ኦር በጥቅምት 2000 በቆሽት ካንሰር በ53 ዓመቱ አረፈ። የቀሩት አራቱ በ2011 ተሰባስበው አንድ አልበም አወጡ። በኦር ቦታ ቋሚ ሰው አላስገቡም፣ ይህም ልቤን ነክቶታል። ኦካሴክ በመስከረም 2019 ኒውዮርክ ውስጥ አረፈ። ነፍሳቸውን ይማር።

እናቴ «ድራይቭ» ሲመጣ አጥፋልኝ ይላሉ። ምን ላድርግ?

አጥፋላቸው። ያን ዘመን በዓይናቸው ካዩ አትከራከራቸው፣ ስለ ዘፈኑ ታሪክም አታብራራላቸው። የኔ አክስት ወሎ ነው ያደጉት። ያ ድምፅ ሲጀምር ፊታቸው ይለወጣል። አንድ ቀን ሳያስቡት ስለ 77 ማውራት ጀመሩ፣ ሬዲዮው ጠፍቶ፣ ቡና እየጠጣን። ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላወቅንም። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ካሉ ዘፈኑን እዘለዋለሁ።

ሸክላው ለዚህ ይመቻል። «ድራይቭ» የአንደኛው ገጽ የመጨረሻ ዘፈን ነው። «ተች ኤንድ ጎ» ሲያልቅ መርፌውን አንሣና ሸክላውን ገልብጠው። ሁለተኛው ገጽ በ«ቱናይት ሺ ካምስ» ይጀምራል። አክስቴ እሱን ሲሰሙ ትከሻቸው ይነቃነቃል።